የልዑሉን አጥንት ጠየቃችሁ፤ የወታደሩን ሚስት ማን ይጠይቅ?

ሐበሻ ሰባት ቤት ይቆጥራል ይባላል። እኛ አስቆጥረን አየነው፤ የሚቆጥረው የሚያኮራውን ብቻ ነው። ሦስተኛው ቤት ላይ ደጃዝማች ከተገኘ ቆጠራው እዚያው ድንኳን ይተክላል። ደጃዝማች ከጠፋ በእናት በኩል ዞሮ ፊታውራሪ ይፈልጋል። ፊታውራሪም ከሌለ «መቼም የጨዋ ቤት ነው» ተብሎ ይታለፋል። እንዲህ ከሆነማ በ1928 ዓ.ም. ወደ ሽሬ ግንባር የዘመቱት ሹማምንት ብቻ ነበሩ ማለት ነው። ወታደር አልነበረም፤ ቢኖርም ልጅ አልወለደም። ፌስቡክ ላይ «የእገሌ ሥርወ መንግሥት አምስተኛ ትውልድ ነኝ» የሚል ሞልቷል። «ቅድመ አያቴ የእገሌ ስንቅ ተሸካሚ ነበር» የሚል ግን እስካሁን አላጋጠመንም።

ይህን የምናነሳው ነገር ፍለጋ አይደለም። እኛ አዲስ አበባ የምንኖር፣ የአንድ የደባርቅ ቤት የልጅ ልጆች ነን። አምና የአንዷ ሠርግ ሲቃረብ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሁለቱን ወገን ዘር ቤት ለቤት ይቆጥሩ ጀመር። ለማታውቁት፣ ሰባት ቤት ካልተራራቁ ጋብቻ የለም፤ ስለዚህ ቆጠራው ለወግ ሳይሆን ለሥራ ነው፣ ማንም እንዲዘለል አይፈለግም። ሦስተኛው ቤት፣ ቅድመ አያታችን ጋ ሲደርሱ የቤቱ የነፍስ አባት አንገታቸውን ቀና አድርገው ጠየቁ።

«የፊተኛይቱ ልጅስ? እሱ ቤት አብጅቶ ከሆነ በየት በኩል ይቆጠራል?»

ቤቱ ዝም አለ። እኛ ተያየን። የፊተኛይቱ? የማን ፊተኛይቱ? ሃያ ምናምን ዓመት ስንኖር ቅድመ አያታችን ሌላ ሚስት እንደነበረው አንድ ሰው አልነገረንም። አያታችን ሰማኒያ እየተጠጉ ነው፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ መሬት አዩና «አባቴ እኔን ሳይወልድ በፊት ሌላ ቤት ነበረው» አሉ። ቀጥለው የተናገሩት በሙሉ ከአንድ ቡና አያልፍም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅድመ አያታችን የደጃዝማች አያሌው ብሩ ወታደር ነበር። ተከዜን ከተሻገረው፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ደምበጉይና ላይ የጣልያንን ትንንሽ ታንኮች መክቶ ከመለሰው ጦር ጋር ነበር። በየካቲት መጨረሻ ሽሬ ላይ የራስ እምሩ ጦር ሲፈታ እሱም በእግሩ ወደ ስሜን ተመለሰ። ጠመንጃውን አላስረከበም፤ ቆላ ወረደ። በኋላ ጣልያኖች ደባርቅ ላይ ሰፍረው ያልገባውን ወታደር ሲያድኑ እሱን አላገኙትም። ያገኙት ሚስቱንና አራት ዓመት ያልሞላውን ልጁን ነው። ወሰዷቸው። ወዴት ሲባል አያታችን የሚያውቁት አንድ ቃል ነው፤ «ወደ ባሕር»።

ቀጥሎ የመጣው የቤቱን አፍ የዘጋው ነገር ነው። «ከዚያማ አባቴ ገባ» አሉ አያታችን። ገባ ማለት ለጣልያን ገባ ማለት ነው። ጠመንጃውን ይዞ ወርዶ እጁን ሰጠ፤ ሚስቱንና ልጁን መልሱልኝ ብሎ። አልመለሱለትም። ጥቂት ወራት የእነሱን መንገድ ሲጠብቅ ከርሞ እንደገና ጠፋ። ነፃነት ሲመለስ «አርበኛ ነህ ወይስ ባንዳ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው አጭር መልስ አልነበረውም። ስለዚህ ምንም ሳይባል ሞተ። ደግሞ አገባ፣ አያታችንን ወለደ፣ እኛም በዚህ መጣን። ያቺ ሴት ብትመለስ ኖሮ እኛ አንኖርም ነበር፤ ይህን ስናስበው ደስ አይልም።

እንግዲህ ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍለጋ ገባን። ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው ሰነድ ማሳደድ ይወዳል። የሰነዱ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቁልፍ የለሽ በር ሆነብን፤ ምክንያቱም ስሟ የለም። የሚታወቀው የክርስትና ስሟ ነው። ቅድመ አያታችን ተስፋ ሲቆርጥ ተዝካሯን አውጥቷል፤ ካህናቱ በዚያ ስም ጸልየውላታል፤ የነፍስ አባታችንም ከቀደሙት ካህን ተቀብለው ያቆዩት እሱን ነው። የክርስትና ስም ደግሞ ለእግዚአብሔር የሚነገር ነው እንጂ ለጣልያን ጸሐፊ አይነገርም። ጸሐፊው የጻፈው የዓለም ስሟን ነው፤ እሱንም በጆሮው እንደ መጣለት፣ ጠ፣ ቀ እና ጸ በሌሉበት ፊደል፣ የአባቷን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ። ደባርቅን «ደባሬክ» ብሎ ከጻፈ ሰው የአንዲት የቆላ ሴት ስም ምን ሆኖ እንደሚወጣ ገምቱ። ሰማይ የሚያውቃት በአንድ ስም፣ መዝገብ የሚያውቃት በሌላ ስም ነው፤ ሁለቱን ስም የሚያውቅ ሰው ከሞተ ቆይቷል።

የልጁን ተዝካር ግን ቅድመ አያታችን እስኪሞት አላወጣም። ይህን የነገሩን የነፍስ አባታችን ናቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ባሕር» የትኛው ባሕር ነው? ሁለት ነው የሚሆነው። አንዱ ኖክራ ነው፤ ከምፅዋ ፊት ለፊት ዳህላክ ደሴቶች ውስጥ ያለ፣ ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1887 የከፈተው የግዞት ደሴት። አድዋ ገና ዘጠኝ ዓመት ሲቀረው ማለት ነው! ጣልያን በምድራችን መጀመሪያ ከተከላቸው ነገሮች አንዱ እስር ቤት እንደነበር የትምህርት ቤት መጽሐፋችን አልነገረንም። ባሕሩ ግንብ፣ ሙቀቱ ዘበኛ ሆኖለት እንግሊዞች በ1941 እስኪዘጉት ድረስ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሠርቷል። ሁለተኛው ደናኔ ነው፤ ከሞቃዲሾ በስተ ደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ ዳር የነበረ የማጎሪያ ካምፕ። እዚያ ሦስት ዓመት ተኩል የታሰሩት ሚካኤል ተሰማ ከጦርነቱ በኋላ በሰጡት ምስክርነት፣ ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ደናኔ ከገቡት 6,500 ያህል ሰዎች 3,175ቱ በረሃብ፣ በመጥፎ ውሃ፣ በወባና በተቅማጥ እዚያው ቀርተዋል። ግማሽ ያህሉ። ሴቶችና ሕፃናትም ነበሩባቸው።

አሁን ወደ ጠባችን እንምጣ። ጠባችን ከጣልያን ጋር ብቻ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል።

ጣልያን ሲያስር ደረጃ ነበረው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ወደ 400 የሚጠጉ መኳንንትና ቤተሰቦቻቸው ወደ ጣልያን አገር ተጋዙ፤ ወደ አዚናራ ደሴት፣ ወደ ሎንጎቡኮ፣ ወደ መርኮሊያኖ። ራስ እምሩ ፖንዛ ደሴት ነበሩ፤ ሙሶሊኒ ራሱ ከሥልጣን ሲወርድ እ.ኤ.አ. በ1943 የተወሰደው ወደዚያችው ፖንዛ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ባለቤታቸው ደጃዝማች በየነ መርዕድ ከተገደሉ በኋላ ከነልጆቻቸው አዚናራ ታስረው፣ በ1940 ቱሪን ላይ አርፈዋል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ መከራ ነው። ሆኖም ስማቸው አለ፣ ቀኑ አለ፣ ያረፉበት ከተማ አለ። ራስ እምሩ ተመልሰው «ካየሁት ከማስታውሰው» የተባለ መጽሐፍ ትተዋል። ማዕረግ የሌለው ደግሞ ወደ ደናኔና ወደ ኖክራ ነው የተጣለው። እስር ቤቱን በማዕረግ የከፈለው ጣልያን ነው። እሺ፤ ትዝታውን በዚያው ማዕረግ ከፍሎ እስከ ዛሬ የያዘው ማነው? እኛ ነን።

ምሳሌ እንስጥ፤ ከስሜን ሳንወጣ። የስሜኑ ጌታ ደጃዝማች ውቤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በካሳ ተሸንፈው ታሰሩ፤ እስረኛ እንደሆኑም ሞቱ። ልጃቸው ጥሩወርቅ የዐፄ ቴዎድሮስ ሚስት ሆነች፤ የእሷ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በመቅደላ ጦርነት ማግስት በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በ1879 በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንድሶር ተቀበረ። እ.ኤ.አ. በ2023 የበኪንግሃም ቤተ መንግሥት አጽሙን አልመልስም ሲል አገር ተንጫጫ። እኛም ተንጫጭተናል፤ ፕሮፋይላችንን በልጁ ፎቶ ቀይረናል፤ አልቅሰናል። ትክክልም ነበር። ልጅ ነው፣ እናቱን በመንገድ ያጣ ልጅ ነው።

ግን ያው ስሜን፣ ያው ከእናቱ ጋር የተወሰደ ልጅ፣ ያው ባሕር ማዶ። የአንዱን ልጅ አጥንት በኤምባሲ ደብዳቤ እንጠይቃለን፤ የሌላውን ስም እንኳ አልጠየቅንም። ልዩነቱ ምንድነው? የአንዱ አያት ውቤ ነበሩ። የሌላው አባት የአያሌው ብሩ ወታደር ነበር። ሌላ ልዩነት ያገኘ ካለ ይጻፍልን።

የአክሱም ሐውልትን ነገርም አስታውሱ። ስንት ዓመት ተደራደርን! በ1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን ተጭኖ መጣ፤ በ2000 ዓ.ም. ተተከለ። እልል አልን። ድንጋዩን የወሰደችውና ሰዎቻችንን ያጋዘችው አንዲት ጣልያን ናት፤ ድንጋዩን ስንጠይቅ «እግረ መንገዳችሁን የሰዎቹን ዝርዝር ላኩልን» ለማለት አፋችን ለምን ታሰረ?

አይቻልም እንዳትሉን። ተችሏል። ጣልያን ከ1911 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊቢያውያንን ወደ ትሬሚቲና ኡስቲካ ደሴቶች አግዛለች። ሊቢያ ይህን ይዛ ቆየችና እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለቱ አገሮች ባወጡት የጋራ መግለጫ ጣልያን የተጋዙትን ሊቢያውያን ዕጣ በማጣራት እንድታግዝ አስገባች። መግለጫ ብቻ ነው ትሉ ይሆናል። እኛ እሱ ራሱ አለን?

አውስትራሊያን ደግሞ እዩ። እንግሊዝ በ1788 እ.ኤ.አ. በ11 መርከብ እስረኞችን ጭና ባሕር ዳር አራገፈች፤ እስከ 1868 ድረስ ወደ 162,000 ሰው አጋዘች። ዛሬ የሲድኒ ወጣት ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ ቅድመ አያቱ በየትኛው መርከብ፣ በምን ወንጀል፣ ከየት መንደር እንደመጣ ያወጣል፤ እስረኛውን ሊጠብቅ የመጣው ወታደር ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ መጥቶ እንደሆነም ያገኛል። መዝገቡ እ.ኤ.አ. በ2007 በዩኔስኮ የዓለም ትውስታ ተብሎ ተመዝግቧል። በሌባ አያት ማፈር ድሮ ቀርቷል፤ አሁን ይፎክሩበታል። የእኛዎቹ ሌባ እንኳ አልነበሩም! አንዲት ሴት የተጋዘችው ባሏ ጠመንጃውን ስላላስረከበ ነው።

ወረቀቱ የለም የሚል ደግሞ ይመጣል። ጣልያን ያላትን ሁሉ የምትጽፍ አገር ናት፤ የበቅሎ ገፈራ ሳይቀር መዝግባለች። የግራዚያኒ ወረቀቶች ሮም በሚገኘው ማዕከላዊ የመንግሥት ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። የቅኝ ግዛት ሚኒስቴሩ መዝገብ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ የታሪክ ቤተ መዛግብት አለ። የእኛ ፍርድ ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ1949 እና በ1950 ስለ ጣልያን የጦር ወንጀል ሁለት ቅጽ ሰነድ አሳትሞ ነበር። ዓላማው ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ለማስከሰስ ነበር፤ በኢትዮጵያ ለተፈጸመ ወንጀል አንድም የጣልያን ሹም ፍርድ ቤት አልቆመም። ግራዚያኒ ከጀርመን ጋር ተባብረሃል ተብሎ በአገሩ 19 ዓመት ተፈርዶበት በጥቂት ወራት ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ አፊሌ በምትባል ከተማ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ቆመለት። ገዳዩ በስሙ መታሰቢያ አለው። ስማቸው ያልተነገረው እነማን እንደሆኑ እናንተው ጨርሱት።

እዚህ አገርስ? አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። ስሙን አንጠራም፤ ሁሉም ጋ ስለሚመሳሰል መጥራቱ ግፍ ነው።

«ደብዳቤ አምጡ» አሉን።

«ከየት?»

«ከሚመለከተው አካል።»

«የሚመለከተው አካል ማነው?»

ሰውየው ጥቂት አሰበና «በመሠረቱ እኛ ነን» አለ።

ተሳስቀን ወጣን። ቆይተን ግን ተናደድን፤ ምክንያቱም ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም። ከጠረጴዛው ኋላ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ የመጣ ሰው አላጋጠመውም። የንጉሥ ፎቶ የሚፈልግ ይመጣል፣ የመሬት ወረቀት የሚፈልግ ይመጣል፣ የአርበኛ ምስክር ወረቀት የሚፈልግ ይመጣል። «የተጋዘች ሴት» የሚል መደርደሪያ የለውም።

የለውም ስንል ነገሩ ከቢሮክራሲ ይዘልቃል። ከነፃነት በኋላ አገሩ ሦስት ሣጥን ሠራ፤ አርበኛ፣ ስደተኛ፣ ባንዳ። አርበኛው ሜዳይ ተቀበለ፣ ስደተኛው ሹመት ተቀበለ፣ ባንዳው ስድብ ተቀበለ (ሹመት የተቀበለም ባንዳ ነበር፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው)። የተጋዘው ሰው ከሦስቱም ውጭ ቀረ። አልተዋጋም፣ አልተሰደደም፣ አላደረም። ታሰረ፣ ተራበ፣ ሞተ። ሚያዝያ 27 ቀን ጉንጉን አበባ ሲቀመጥ ለእነሱ ተብሎ የሚነበብ አንቀጽ የለም። ለነገሩ ሚያዝያ 27 ራሱ የአዲስ አበባ ቀን ነው። በ1933 ዓ.ም. ንጉሡ አዲስ አበባ ሲገቡ ደባርቅ አጠገብ ወልቅፊት ላይ ጣልያን መድፉን ደርድሮ ተቀምጦ ነበር፤ እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ነው፤ ጎንደር ደግሞ እስከ ኅዳር 18 ቆይታለች።

ሣጥኑ የጌታና የሎሌ ልዩነትም ያውቃል። ደጃዝማች አያሌው ብሩ ለጣልያን ገብተው ነበር፤ በ1933 ጣልያን ሲዳከም ደግሞ ተመልሰው ከአርበኛው ጎን ቆሙ። ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ይህን ሲጽፉ «ውስብስብ ሰው ነበሩ» ይላሉ። ጥሩ፤ እኛም ውስብስብ ነበሩ እንላለን። የእሳቸው ወታደር ሚስቱንና ልጁን ለማስመለስ ገብቶ ጥቂት ወራት ቢከርም ግን ልጁ ሰማኒያ ዓመት አፏን ዘግታ ትኖራለች። ውስብስብነትም በማዕረግ ነው የሚታደለው?

እውነቱን እንናገር። ብዙ ቤት የማይፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። ፋይሉ ቢከፈት ምን ይወጣል ብሎ ይፈራል። ጣልያን ያሰረውን ከጻፈበት ይልቅ ደመወዝ የከፈለውን አጥርቶ ጽፏል፤ እኛም ቅድመ አያታችንን የምናገኘው ከእስረኛ ዝርዝር ሳይሆን ከደመወዝ ዝርዝር ሊሆን ይችላል። ደናኔንና ኖክራን ሲጠብቁ ከነበሩት ዘበኞች ብዙዎቹም ነጭ አልነበሩም፤ የማን አያቶች እንደሆኑ አስቡት። ይሁና። የሃያ አምስት ዓመት ሰው ከሞተ የቆየ ሰው ያደረገውን መስማት ካቃተው ምኑን ጎልማሳ ሆነ? በሰርቶ ማሳያ የተቀባባ አያት ከምንይዝ፣ ሚስቱን ፍለጋ የተዋረደ አያት ይሻለናል። ቢያንስ ይወዳት ነበር።

ባለፈው ጥር ቡይት ራስ ላይ ቆመን ነበር። ከደባርቅ ወደ ፓርኩ ስትገቡ ገደሉ መጀመሪያ ፊት ለፊት የሚገጥማችሁ እዚያ ነው፤ ጭላዳው ሣር ይነጫል፣ ፈረንጁ ፎቶ ያነሳል። አስጎብኚው በደንብ የሰለጠነ ልጅ ነው። የጭላዳውን የደረት ቀለም፣ የዋሊያውን ቁጥር፣ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ መሆኑን በሦስት ቋንቋ ያንበለብለዋል። ስለ ሊማሊሞ መንገድ ሲጠየቅ «ጣልያን ነው የሠራው፣ ድንቅ ኢንጂነሪንግ ነው» ይላል። ሐሰት አልተናገረም። ያቺ ሴትና ልጇ ግን ወደ ሰሜን ተወስደው ከሆነ የወረዱት በዚያው በሊማሊሞ ቁልቁለት ነው፤ በመኪና ይሁን በእግር አናውቅም፤ ይህን ለፈረንጁ ቀርቶ ለእኛም የሚናገር የለም። ልጁን አልወቀስነውም። ከእሱ ጋር ሆኖ የመጣው ስካውት፣ ጠና ያለ ሰው፣ ታሪኩን ስንነግረው «የእኛም ቤት አንድ አለች» አለና ዝም አለ። ስሟን ጠየቅነው። የክርስትና ስሟን ነገረን።

ድሃ አገር የስምንት አሥርት ዓመት ስም ፍለጋ ምን ያደርግላታል የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ዳቦ ይቅደም የሚሉ ሰዎች ዳቦውንም ሲያስቀድሙ አላየንም እንጂ ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ ከአሮጌው ነገር ወጥተን ከአዲሱ እንመልስ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ውስጥ ሲቪሎች ተገደሉ። ቀጥሎ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ባለሥልጣኑ አንድ ቁጥር ተናገረ፣ ሌላው ሌላ ቁጥር፣ የሰብዓዊ መብት ድርጅቱ ሌላ፣ ተከሳሹ ደግሞ የለም አለ። እኛም ስልካችን ላይ ተቀምጠን በቁጥር ተሰዳደብን። ስም ዝርዝር የጠየቀ ስንት ነበር? ስም ያነበበው ቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ እሱም በክርስትና ስም። ሰማኒያ ዓመት ቆይቶ የሚፈልግ የልጅ ልጅ ይመጣል። የዓለም ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የጎጡን ስም ዛሬ የጻፈለት ከሌለ እሱም እንደ እኛ «ከሚመለከተው አካል ደብዳቤ» ይባላል።

የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። መንግሥት ለጣልያን አንድ ደብዳቤ ይጻፍ፤ የኖክራን፣ የደናኔንና የሌሎቹን ማጎሪያዎች የስም መዝገብ በቅጂ ስጡን ይበል፤ ሊቢያ ያለችውን ያህል እንኳ ይበል። ቅጂው ሲመጣ ደብዳቤ በማያስፈልግበት ቦታ ይቀመጥ። ታሪክ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ አንድ ራስ ወይም አንድ ደጃዝማች ይዞ ከሚመረቅ፣ ጥቂቶቹን አንድ አጥቢያ ይስጧቸው፤ ጣሊያንኛ የሚያነብ፣ ግዕዝ የሚያነብና የአገሩን ሽማግሌ የሚያናግር ሦስት ልጅ አንድ ላይ ቢቀመጥ «ደባሬክ» ደባርቅ እንደሆነ ያውቃል። ካህናቱም የክርስትናውን ስም ከዓለሙ ስም ጎን ይጻፉት፤ ኃጢአት የለበትም። እናንተ ደግሞ፣ ይህን የምታነቡ፣ ስልካችሁ ውስጥ ለቲክቶክ የማያልቅ ቦታ አለ። አያቶቻችሁን ቅዱ። ስለ ደጃዝማቹ አትጠይቋቸው፤ እሱን ሳትጠይቋቸውም ይነግሯችኋል። «ከዚህ ቤት ተወስዶ ያልተመለሰ ማነው?» በሏቸውና ዝም ብላችሁ ጠብቁ። የእኛ አያት ለመመለስ ሰማኒያ ዓመት ፈጀባቸው፣ ስለዚህ አትቸኩሉ።

ሠርጉ ተሠርጓል፤ አምሮ ነበር። ቆጠራው እንዴት አለቀ ላላችሁ፣ ሽማግሌዎቹ ብዙ ተከራከሩ። አንዱ «የሞተ ሕፃን አይቆጠርም» አሉ። አያታችን «ተዝካሩ አልወጣም» አሉ፤ ሌላ ነገር አልተናገሩም። የነፍስ አባታችን ነገሩን ጨረሱት። በሉካንዳ ወረቀት ላይ በሠሩት የዘር ሐረግ የልጁን ስም ጻፉ፣ ከሥሩ መስመር አወረዱ፣ መስመሩ ጫፍ ላይ ምንም አልጻፉም። በሕይወት ካለ ዘንድሮ ዘጠናን አልፏል።